አዲስ ከተማ ስትገቡ ጥሩ የምግብ ገበያና ሱቅ እንዴት ታገኛላችሁ? ደረጃ በደረጃ

«ወደ ሐዋሳ ተዛውሬያለሁ፤ ገበያው የት ነው?» «ጎንደር ቅቤ ከማን ልግዛ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። የሱቅ ስም ጠርቶ መመለስ ይቻላል፣ ግን ብዙ አያገለግልም። ዛሬ ጥሩ ዕቃ የያዘ ሱቅ ከስድስት ወር በኋላ አቅራቢ ይቀይራል፣ ተራውም ከቦታው ይነሣል። ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚራገፍ፣ ሲገዛ ምኑ ምኑ እንደሚታይ ያወቀ ሰው ግን የትም ከተማ ቢገባ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ እንደ ነዋሪው ይገዛል። ከዚህ በታች ያለው ይኸው አካሄድ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዘንቢል፣ እንዲሁም ለእህልና ለሽንኩርት ሁለት ንጹሕ ባዶ ኬሻ።
- ዝርዝር ብር። ከገጠር የመጣ ሻጭ ለትልቅ ኖት መልስ ላይኖረው ይችላል፤ በቴሌብር የማይቀበልም ብዙ ነው።
- ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ። ሚዛን መፈተሻ ነው።
- ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ለቅቤና ለማር።
- አንድ ነጭ ወረቀት፣ ዋጋ የምትጽፉበት ደብተር ወይም ስልክ።
- የነዋሪነት መታወቂያ። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቆች ዘይትና ስኳር ሲያከፋፍሉ ይጠይቃሉ።
- ቤት ውስጥ፦ የመስታወት ብርጭቆ፣ ከፋርማሲ የተገዛ ትንሽ አዮዲን።

ደረጃ 1፦ ዝርዝራችሁን በሦስት ክፈሉ

በመጀመሪያው ክፍል ቶሎ የሚበላሸውን ጻፉ፦ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሥጋ። በሁለተኛው ክፍል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የሚቆየውን፦ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት፣ እንቁላል። በሦስተኛው ወራት የሚቀመጠውን፦ ጤፍ፣ የሽሮ እህል፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ቡና።

የሚከፈልበት ምክንያት ለየክፍሉ የሚሻለው ቦታ ስለሚለያይ ነው። የመጀመሪያውን በእግር ከሚደረስበት ጉሊት ግዙ፤ ለቲማቲም ሩቅ ገበያ ብትሄዱ ያተረፋችሁት በታክሲ ያልቃል፣ ቲማቲሙም ተጨፍልቆ ይገባል። ለሦስተኛው ግን ከተማውን አቋርጦ መሄድ ያዋጣል፣ ምክንያቱም አንዴ የገዛችሁትን ወራት ትበሉታላችሁ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ጤፍ ከሰፈር ሱቅ በኪሎ እየገዛ ለሦስት ኪሎ አትክልት መርካቶ ይወርዳል።

ደረጃ 2፦ የገበያውን ቀን እወቁ

በብዙ ቦታ ቀኑ በስሙ ላይ አለ፦ የጎንደሩ ቅዳሜ ገበያ፣ የመቀሌው ዕዳጋ ሰኑይ። የባቲ ገበያ ሰኞ፣ የሰንበቴ እሁድ፣ የላሊበላና የጂንካ ቅዳሜ፣ የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው። በትልልቅ ከተሞች ገበያው በየቀኑ ይከፈታል፤ ቢሆንም ገበሬው ራሱ ተሸክሞና ጭኖ የሚመጣው በዋናው ቀን ነው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ማርና ጌሾ በዚያ ቀን ግዙ። በሌላ ቀን የምታገኙት ነጋዴው ገዝቶ ያሳደረውን ነው። አዲስ አበባ ላይ በየክፍለ ከተማው የሚዘረጉት የእሁድ ገበያዎች ለእህልና ለአትክልት ይጠቅማሉ፤ ለቅቤና ለበርበሬ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ከሳምንቱ ቀን ሌላ የጾሙንና የመኸሩን ቀን አስሉ። በሁዳዴ ቅቤና እንቁላል ፈላጊው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይበርዳል፤ ለፋሲካ የሚሆነውን ቅቤ በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ ማንጠር ይሻላል። ጤፍ ምርቱ በሚገባባቸው በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት፣ በርበሬ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ማር በጥቅምትና በኅዳር አዲሱ ይገኛል። በክረምት የምትገዙት በርበሬ ያደረና እርጥበት የሳበ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ጊዜ ተመልከቱት።

ደረጃ 3፦ ሰው ምረጡ፣ ጥያቄውንም አስተካክሉ

«ጥሩ ገበያ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ሁሉ ስሙ የገነነውን ይነግራችኋል። ይልቅ የራሱን አገዛዝ ጠይቁት፦ «እማማ፣ እርስዎ ቅቤውን ከየት ነው የሚያስመጡት? በምን ቀን?» ሰው ለራሱ ቤት የሚገዛበትን ቦታ አሳምሮ ያውቀዋል።

ሦስት ዓይነት ሰው ጠይቁ። ለጤፍ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡትን፤ መጥፎ ጤፍ ምጣድ ላይ ስለሚያጋልጣቸው ከማን እንደሚገዛ አጥርተው ያውቃሉ። ለአትክልትና ለሥጋ የምግብ ቤት ገዢውን። ስለ ሰዓቱ ደግሞ የባጃጅ ሹፌሩን፤ ጎህ ሲቀድ ዘንቢል የያዙትን እናቶች የት እንደሚያወርድ ያውቃል። ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ቦታ ከጠሩ ወደዚያ ሂዱ። ደላላን አትጠይቁ፤ የሚወስዳችሁ ድርሻ ወዳለው ቤት ነው።

ደረጃ 4፦ ጭነቱ የሚራገፍበትን ቦታ አግኙ

አንድ ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ። አይሱዙዎቹ ተሰልፈው ኬሻና የቲማቲም ሳጥን የሚያወርዱበት ቦታ የከተማው የምግብ ምንጭ ነው፤ ቸርቻሪው ሁሉ ከዚያ ነው የሚያነሣው። ባትገዙም እንኳ የጅምላውን ዋጋ ሰምታችሁ ተመለሱ። ይህን ሳታውቁ ቸርቻሪ ጋ ብትከራከሩ ባዶ ክርክር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለእህል መርካቶ እህል በረንዳ ነው። አትክልት ተራ ፒያሳ የለም፤ ከጃንሜዳ ቆይታው በኋላ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል፤ ዛሬም ወደ ፒያሳ የሚልካችሁ ሰው አይጠፋም። ለቅቤ፣ ለአይብና ለቅመማ ቅመም ሾላ ገበያ። ድሬዳዋ ላይ ቀፊራ ገበያ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ ለዓሣ በጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል።

ጅምላ የሚሸጥ ሰው በኪሎ አይቆርስም። አንድ ኬሻ ሽንኩርት ለአንድ ቤት ስለሚበዛ ከሦስት ከአራት ጎረቤት ጋር ተካፈሉ፤ የወዛደሩንና የማጓጓዣውን ሒሳብም ጨምሩበት።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ዙሩ፣ ከዚያ ግዙ

ገበያው እንደገባችሁ ከበሩ አትግዙ። በሩ ላይ ያለው ሻጭ የሚጠብቀው እንግዳውን ነው። እስከ መጨረሻው ዝለቁና ቢያንስ አራት ቦታ ዋጋ ጠይቃችሁ ጻፉ። ዋጋውን ከነመስፈሪያው ጻፉት፦ በኪሎ፣ በጣሳ፣ በመደብ ወይስ በእስር? ጣሳ ከከተማ ከተማ፣ አንዳንዴም ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። «ይቺ ጣሳ ስንት ኪሎ ትይዛለች?» ብላችሁ አንዱን አስመዝኑ፤ ያለዚያ የሁለት ከተማ ዋጋ ማወዳደር አይቻልም። መደብ ሲሆን ከላይ የተደረደረው ትልቁ ነው፤ ከሥር ያለውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

ደረጃ 6፦ ሚዛኑን ፈትሹ

በሰዓት ሚዛን ላይ ሳህኑ ባዶ ሳለ ቀስቱ ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ከዚያ «እስቲ ይቺን መዝኑልኝ» ብላችሁ ባለ 2 ሊትሩን ውሃ አስቀምጡ። 2 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ይጨምራል። ስለዚህ ቀስቱ 2 ኪሎን በጥቂቱ አልፎ መቆም አለበት። 2 ኪሎ ከሩብ ካነበበ ሚዛኑ ያበዛል፣ በየ2 ኪሎው ሩብ ኪሎ ያህል ትከስራላችሁ። ባለ ግማሽ ሊትሩን አትያዙ፤ በትንሽ ክብደት ላይ ስሕተቱ አይታይም። ባለ ድንጋይ ሚዛን ከሆነ ውሃውን በአንድ ሳህን፣ የ2 ኪሎውን ብረት በሌላው አድርጉ። የተሞረደ ብረት ወዲያው ይጋለጣል። ሻጩ «አልመዝንም» ካለ አትጣሉ፣ እለፉት።

ደረጃ 7፦ ዕቃውን በእጃችሁ ፈትሹ

ጤፍ። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እየተባለ ይሸጣል። ከኬሻው አፍ ላይ ያለውን አትመኑ፤ ከመሀልና ከሥር እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። በነጭ ወረቀት ላይ በትኑትና እንክርዳድና ገለባውን እዩ፣ ከዚያ ቆንጥር አድርጋችሁ በፊት ጥርስ አኝኩ። ከሰከሰ አሸዋ አለው። ቤት ያለ ናሙና ሲሆን አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ አማስላችሁ ጤፉን ከውሃው ጋር ቀስ ብላችሁ ድፉት፤ አሸዋው ከባድ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ከሥር ይቀራል። የተፈጨ ጤፍ አትግዙ፤ ዱቄት ውስጥ የገባው ነገር በዓይን አይለይም። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ከበቆሎ ቀጥሎ ከሆነ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ከእናንተ ዱቄት ጋር ይወጣል።

በርበሬ። ዛላውን ግዙ፣ ቤት ቀንጥሳችሁና ለቅማችሁ አስፈጩ። የማረቆና የሀላባ በርበሬ ስም ስላለው የማንም በርበሬ በስማቸው ይሸጣል፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ዛላውን እዩ። ሦስት አራት ዛላ ሰብራችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለው ከላይ ምንም ቢቀላ ተዉት። ደረቅ ዛላ ሲጨበጥ ይንኮሻኮሻል፤ እንደ ቆዳ የሚታጠፍ ከሆነ እንዳይሰባበርና ክብደት እንዲያነሣ ውሃ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል፣ ሳምንት ሳይቆይ ይሻግታል። የተፈጨ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ላይ ጣሉና ዐሥር ደቂቃ ተዉት፦ የሸክላ ዱቄት ወይም አፈር ወዲያው ሰምጦ ሲዳሰስ ይሻክራል።

ቅቤ። ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ተብሎ ይለያል። ለወጥ የሚነጠረው መካከለኛው ነው፣ ለጋው ለገንፎና ለቅንጬ ይሄዳል። ከላይ ብቻ አትቅመሱ፤ የተጠቀለለውን ከፍታችሁ ከመሀሉ ቆንጥሩ። በመሀሉ የተደበቀ ነጭ ጓል፣ በጣት ሲታሽ የሚፈረፈር ነገር ካለ ተዉት። በመጀመሪያው ቀን ከሩብ ኪሎ በላይ አትግዙ። ቤት ያለ ቅመም ስታነጥሩት ንጹሕ ቅቤ ከላይ አረፋ ይሰጣል፣ ከሥር ጥቂት አጓት ያስቀራል፣ መሀሉ ጠርቶ ይቀራል። ወፍራም ደለል ከቀረ ደለሉን አብርዳችሁ አንድ ጠብታ አዮዲን ጣሉበት፦ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ድንች ወይም ዱቄት ገብቶበታል። የሞከራችሁበትን ጣሉት፣ አይበላም። የአትክልት ስብ ከተቀላቀለበት በአዮዲን አይታወቅም፤ ሲነጠር የቅቤ ሽታው ከደከመ ግን ተጠራጠሩ።

ማር። በክብሪት ማቃጠልና ውሃ ላይ ማንጠባጠብ የሚባሉትን ፈተናዎች ተዉአቸው፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ያልፋቸዋል። ማር መርጋቱም ጥፋት አይደለም፤ የትግራይና የላስታ ነጭ ማር በተፈጥሮው ይረጋል። የሚሻለው ከነሰፈፉ መግዛት ወይም ከንብ አናቢዎች ማኅበር ሱቅ መውሰድ ነው። አረፋ ያነሣና ጠጅ ጠጅ የሚሸት ማር ውሃ በዝቶበታል፣ አይቀመጥም።

የሽሮ እህል። አተሩን፣ ባቄላውን ወይም ሽምብራውን በጥሬው ገዝታችሁ ለቅማችሁ አስፈጩ። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊገባ ይችላል። የጓያ ፍሬ እንደ አተር አይከብም፤ ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ለምን እንደምንጠነቀቅ ከታች በማስጠንቀቂያው ላይ አለ።

ዓሣ። ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን ወዲያው የሚመለስ ይሁን። ዓይኑ ከጎደጎደና ስንጥቡ ከጠየመ አድሯል። የቆሮሶ ፊሌቶ ዋጋው ከሙሉ ዓሣው ሦስት እጥፍ ቢጠጋ አትደንግጡ፤ ከአንድ ኪሎ ዓሣ የሚወጣው ሥጋ ሲሶ ያህል ስለሆነ ሒሳቡ ትክክል ነው።

ሥጋ። የቄራ ማኅተም እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። በጾም ሰሞን ፈላጊ ስለሚያንስ ብልቱ ሊያድር ይችላል፤ ያን ጊዜ ገዢው በማይቀንስበት ቤት ግዙ። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት የተለያየ ነው፣ ምልክቱም በሩ ላይ አለ።

አትክልት ላይ አጭር ነው፦ ሽንኩርት አንገቱ የደረቀ፣ ድንች ያልበቀለና አረንጓዴ ያልሆነ፣ ቲማቲም ደግሞ በሳጥን ከሆነ ከሥር ያለውን ሳታዩ አትክፈሉ።

ደረጃ 8፦ የሰፈር ሱቅ ምረጡ

ሱቅ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ዕቃው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበትን እዩ። ከመደርደሪያው ኋላ ያለውን ጥቅል አውጥታችሁ የማብቂያ ቀኑን አንብቡ፤ ፊት ያለው ሁልጊዜ አዲስ አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጄኔሬተር የሌለው ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የቀዘቀዘ ዶሮ ተጠንቀቁ። ከረጢቱ ውስጥ ከሥር የረጋ በረዶ ካለ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ ትንሽ ግዙ፣ ቤት ሞክሩ፣ ከዚያ ደንበኛ ሁኑ

ከሁለት ሻጭ ትንሽ ትንሽ ግዙ፣ ምልክት አድርጋችሁ ለዩ፣ ሁለቱንም ጋግሩና ቅመሱ። ጤፍ በሁለት ኪሎ ይሞከራል። የተሻለውን ስታገኙ ለሻጯ ንገሯት፦ «ያ ያለፈው ጤፍ ጥሩ ነበር፤ እንደሱ ሲመጣ ደውዪልኝ።» ደንበኛ የሆነ ሰው ጭነቱ ሳይበተን ይደወልለታል። ግን ደንበኛም ብትሆኑ በየሁለት ሦስት ወሩ ዋጋውንና ሚዛኑን ከሌላ አመሳክሩ።

ከኢትዮጵያ ውጭ ላላችሁ

አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚጠየቀው ነገር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉት የሐበሻ ሱቆች «እንጀራው በስንት ሰዓት ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የጠዋቱና የማታው አንድ አይደለም። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ ብዙው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ አለበት። ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለ «ጤፍ ነው» በሚል ቃል ብቻ አትግዙ። እስራኤል ላይ ገበያዎቹ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጉ ሥጋና አትክልት በጠዋት ጨርሱ፤ ሊዘጋ ሲል የአትክልት ዋጋ ይወርዳል፣ የሚቀረው ግን የተመረጠበት ነው። ዱባይ ላይ ለዓሣና ለአትክልት ዴራ ያለውን ዋተርፍሮንት ማርኬት በጠዋት ሂዱበት። ከሀገር ቤት በሰው የመጣ በርበሬ ስትገዙ አቅርባችሁ አሽትቱ፤ በጉዞ እርጥበት ያገኘው የሻጋታ ሽታ አለው።

ማስጠንቀቂያ

- የሻገተ በርበሬና ኦቾሎኒ በማጠብም በማመስም አይድንም። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፣ ሙቀትም በቀላሉ አያጠፋውም።
- ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ሊያሽመደምድ ይችላል፣ ጉዳቱም አይመለስም። «ርካሽ ሽሮ» ሲባል ይህን አስቡ።
- ከግለሰብ የተገዛ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ።
- ማኅተም የሌለው ሥጋ በጥሬው አይበላ፤ ኮሶ የሚመጣው ካልበሰለ ሥጋ ነው፣ ማኅተሙም ሙሉ ዋስትና አይሆንም።
- አረንጓዴ የሆነ ድንች ሲላጥም መርዙ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ አትግዙት።
- ግፊያ ባለበት ተራ ስልካችሁን ከኋላ ኪስ አታድርጉ፤ ብሩን በሁለት ቦታ ከፍላችሁ ያዙ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

- በበዓል ዋዜማ መውጣት። ዋጋው ብቻ አይደለም የሚከፋው፤ በግርግሩ ሚዛን መፈተሽና ዛላ መስበር አይቻልም፣ የተቀላቀለውም የሚሸጠው ያኔ ነው።
- ዘግይቶ መድረስ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጥሩው ተለቅሟል። ርካሽ ለምትፈልጉ ደግሞ ገበያው ሊበተን ሲል ከ10 ሰዓት በኋላ ጎመንና ቲማቲም ይወርዳል፤ በዕለቱ የምትሠሩት ከሆነ ይሁን።
- በክርክር ዋጋ አስወርዶ ሚዛን አለማየት። ሻጩ በዋጋ ያጣውን በግራም ይመልሰዋል። መጀመሪያ ሚዛን፣ ከዚያ ዋጋ።
- ቅቤና ማር በቀጭን ፌስታል መያዝ። ፀሐይ ላይ ይቀልጣል፣ ሽታ ይወስዳል። ክዳን ያለውን ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ ስታስመዝኑ ግን መጀመሪያ ባዶውን አስመዝኑት።
- ኬሻ እህል ገዝቶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ። ከሥሩ እርጥበት ይስባል፣ ነቀዝም ይገባበታል። በጣውላ ወይም በጡብ ከወለሉ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳውም አርቁት።